ድምፁ ያለው ከፊቱ ሳንቃ ነው

እ.ኤ.አ. በ1862 ስፔን ውስጥ አንድ እንግዳ ጊታር ተሠራ፤ ጀርባውና ጎኑ ካርቶን፣ ፊቱ ግን በጥንቃቄ የተላገ እንጨት። ሠሪው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ይባላል። ጀርባው የግድ ከውድ እንጨት መሆን እንደሌለበት፣ ድምፁን የሚሰጠው የፊቱ ሳንቃ መሆኑን በተግባር ማሳየት ፈልጎ ነበር። በእኔ እምነት በጊታር ታሪክ ከዚህ የደፈረ ሙከራ የለም።

ቶሬስ በ1817 አልሜሪያ አጠገብ የተወለደ አናጢ ነው። ጊታር ሠሪነቱ የታወቀው ሴቪሊያ ከገባ በኋላ ሲሆን፣ ዝነኛው ጊታር ተጫዋች ሁሊያን አርካስ በሥራው አበረታቶታል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ስፕሩስ ከሚባለው የቀዝቃዛ አገር ዛፍ የሚወጣው የፊት ሳንቃ ተልጎ ተልጎ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀራል። ከመጠን በላይ ከሳሳ የክሮቹን ጉተታ አይችልም፤ ከወፈረ ደግሞ ድምፁ ይታፈናል። ቶሬስ ሳንቃውን በትንሹ ወደ ውጭ አጎበጠው። ከውስጥ በኩል ደግሞ 7 ቀጫጭን እንጨቶችን ከድምፅ ቀዳዳው በታች እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ አጣበቀ። ይህን አደራደር ከእሱ በፊት የነበሩ የስፔን ሠሪዎችም ያውቁት ነበር፤ እሱ ግን አካሉን አስፍቶ፣ ሳንቃውን አሳስቶ፣ ሁሉንም አስማማው። ክሩ የሚንቀጠቀጥበት 650 ሚሊ ሜትር ርዝመት ዛሬም የክላሲካል ጊታር መደበኛ ልክ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ይህ ሁሉ ጥበብ እንጀራ አልሆነውም። በ1870 አካባቢ ወደ አልሜሪያ ተመልሶ የሸክላና የብርጭቆ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፈተ። ከዓመታት በኋላ ወደ ጊታሩ ቢመለስም ሱቁን ወዲያው አልተወም። በዚያው ዘመን በ1864 የሠራው ጊታር በጊታር ተጫዋቹ ፍራንሲስኮ ታሬጋ እጅ ነበር፤ ታሬጋም በዚያ እየተጫወተ የቶሬስን ሥራ ለብዙዎች አስተዋወቀ።

በስተርጅናው ወዳጁ የነበሩ አንድ ቄስ እንደተረኩት፣ ቶሬስ ምስጢሩን ለተተኪዎች እንዲያወርስ ሲጠየቅ፣ እንደማይቻል መለሰ። የሳንቃው ልክ መድረሱን የሚነግሩት አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ነበሩ። በ1892 በ75 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ጊታር መሥራቱን አላቆመም።