የአዲስ አበባ ሰፈሮችና የሰገራ ቤት ታሪክ

«ሰፈር» የተባለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፥ ሠራዊት ድንኳኑን ተክሎ የሚያርፍበትን ቦታ ያመለክታል። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር አሰፋፈሯ እንደ ዘመቻ ነበር፤ ይኸውም መኰንኑ በተሰጠው ጕብታ ላይ ግቢውን ሲያቆም፥ ጭፍሮቹና አገልጋዮቹ በዙሪያው ጎጆ ይቀልሱ ነበር። የራስ መኰንን ሰፈር፥ የራስ ብሩ ሰፈር፥ የደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ይህንኑ ይመሰክራሉ።

የዘመቻ ሰፈር ሲነሣ ቆሻሻውን ትቶ ይሄዳል። ከተማይቱ ግን ሳትነሣ ቀረች። ቀበናንና ቀጨኔን የመሰሉ ወንዞች ውሃ መቅጃም ቆሻሻ መጣያም ሆኑ። በ1880ዎቹ የቧንቧ ውሃ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ተስቦ ነበር፤ አብዛኛው ሕዝብ ግን ለብዙ ዘመን ከምንጭና ከወንዝ፥ በኋላም ከቦኖ ይቀዳ ነበር።

ስለ ሰፈሮቹ ንጽሕና ማነስ ሲነገር፥ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በነዋሪው ልማድ ላይ ይጣላል። ታሪኩ ግን ሌላ ምክንያት ያሳያል። ጕድጓድ ማስቈፈር ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሰውም በሌላ ሰው ቦታ ላይ ገንዘቡን አይቀብርም። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የብዙው ድኻ ቤት የአከራይ ነበር። በዚያ ዓመት በዐዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፥ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ በመቀነሱ ተከራዩ እፎይ አለ፤ ነገር ግን ከዚያች ገንዘብ ለጥገና የሚተርፍ አልነበረም። ስለዚህ በአንድ ግቢ ያሉ ቤተ ሰቦች የአንዱን ሰገራ ቤት ቍልፍ እየተቀባበሉ፥ በተራ እያጸዱ፥ ሲሞላም ለመምጠጫው መኪና ገንዘብ እያዋጡ ኖሩ። መኪናው በማያልፍበት ጠባብ መንገድ ግን መዋጮውም አልጠቀመም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በካዛንችስ ብዙ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። የራስ የሆነ ቧንቧና ሰገራ ቤት ማግኘት ታላቅ ነገር መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን በአዲሱም ፎቅ ደረጃውና የፍሳሹ ቧንቧ የጋራ ነው። ቍልፍን፥ ተራንና መዋጮን ለዓመታት ያስከበረው የጐረቤት ሥርዐት ግን ጐረቤቶቹ ሲበተኑ አብሮ ይበተናል። ስለዚህ ቤቱን የሚለካ ሰው፥ ማን ከማን ጋራ ቍልፍ ይጋራ እንደ ነበረም ቢመዘግብ ለሚመጣው ሰፈር ይበጃል።