ሦስተኛው ሰው
የአራዳ ፍቅር ትዳር የሚሆነው መቼ ነበር?

አራዳ ለፍቅር ብዙ ቃል ያለው ሰፈር ነው። ጠበሳ አለ፣ ጅንጀና አለ፣ ቀጠሮ አለ። “ይተዋወቃሉ” ይባላል፣ “አብረው ናቸው” ይባላል። ውሽማም አለ፣ እጮኛም አለ። ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው የሚሻገሩበት ቀን የትኛው እንደሆነ ግን ቃላቱ ራሳቸው አይናገሩም። ለመሆኑ ሁለት ሰዎች ኬክ በልተው፣ ሲኒማ አምፒር ገብተው፣ ሰባ ደረጃን ወጥተው ወርደው ሲያበቁ፣ ነገሩ ከጨዋታ ወደ ቁም ነገር የሚያልፈው በየትኛው ሰዓት ነው? የዛሬ ወጣት “ሲሪየስ ሆነናል” ብሎ ይገላገላል። የቀድሞው ሰው ግን ይህን የሚለካው በሰው ቁጥር ነበር። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ነገር ፍቅር ነው፤ ሦስተኛ ሰው የገባበት ዕለት ትዳር መሆን ይጀምራል። ያ ሦስተኛ ሰው በአራዳ ማን ማን እንደነበረ እስቲ እንከተለው።

የድሮው ሥርዓት ጋብቻን በሦስት መንገድ ያውቀዋል። ከሁሉ የከበደው ቁርባን ነው። ባልና ሚስት አብረው ሥጋ ወደሙ ከተቀበሉ ከሞት በስተቀር መለያየት የለም፤ ስለዚህም ከካህናቱ በቀር በወጣትነቱ የሚቆርብ ጥቂት ነበር። አብዛኛው ሰው የሚጋባው በሰማንያ ነው። በሽማግሎች ፊት፣ በዋስ፣ በንጉሡ ስም እየማሉ ይገባሉ፤ አልስማማ ያሉ እንደሆነ ንብረት ተካፍለው ይፋታሉ። ሦስተኛው የደሞዝ ጋብቻ ነው። ነጋዴው ወይም ወታደሩ ከአገሩ ርቆ ሲከርም “በወር ወይም በዓመት ይህን ያህል እከፍልሻለሁ” ብሎ ይዋዋላል፤ ጊዜው ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። “የጭን ገረድ” የሚለው መጠሪያ ለዚህች ሴት የወጣ ነው። ነገር ግን የደሞዝ ሚስት እንኳ ውል ነበራት፣ ምስክር ነበራት፤ ልጇም የአባቱ ልጅ ነበር። ምስክር የሌላት ውሽማ ብቻ ናት።

እነዚህ መንገዶች ደግሞ ተለያይተው የቀሩ አልነበሩም። በሰማንያ ተጋብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ተጣልተው ታርቀው፣ ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ “እንግዲህ አንለያይም” ብለው አብረው የሚቆርቡ ብዙ ነበሩ። ዛሬ ቁርባን የሠርግ ቀን መጀመሪያ ሲሆን እናያለን፤ ያኔ ግን የረጅም አብሮ መኖር መጨረሻ ነበር። ለእኔ ለእኔ፣ የድሮው አካሄድ የሰውን ጠባይ የበለጠ ያወቀ ይመስለኛል።

ለዚህ ከከተማዋ ቆርቋሪዎች የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ከገቡ በኋላ ከወይዘሮ ባፈና ጋር ዓመታት ኖረዋል። ባፈና በቤተ መንግሥቱ ያዝዙ ነበር፤ ይፈሩም ነበር። ቁርባን ግን አልነበረም። በ1869 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ጎጃም በዘመቱበት ጊዜ በሸዋ በተጠነሰሰው ሤራ እጃቸው አለበት ተባለ። ከዚያም ታረቁ፤ በመጨረሻ ግን ተለያዩ። በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ ሰሞን ምኒልክ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ከጣይቱ ብጡል ጋር ቆረቡ። ሁለቱም ጀማሪዎች አልነበሩም። ምኒልክ ወደ አርባ ዓመት ተጠግተዋል፤ ጣይቱም ቀደም ሲል ትዳር ይዘው የፈቱ ሴት ናቸው። መግባትንም መውጣትንም የሚያውቁ ሁለት ሰዎች መውጫ የሌለውን መረጡ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሦስተኛው ሰው ቤተ ክርስቲያን ናት። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲነግሡ ጣይቱ በቀናት ልዩነት እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ በአራዳም እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በ1898 ዓ.ም. አቋቋሙ።

እሳቸው የቆረቆሯት ከተማ ግን የእንግዶች ከተማ ሆነች። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች የተዘረጋው የአራዳ ገበያ ሰውን ከየአገሩ ሰበሰበ፤ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን ሲመሠርት ለቀረው ሥፍራ “ፒያሳ” የሚል ስም ጥሎለት ሄደ። በአገር ቤት ሽማግሌ የሚላከው የሁለት ቤተሰብ መሬትና ከብት ስለሚገናኝ ነው። አራዳ ላይ መሬት የለ፣ ከብት የለ። ልብስ ሰፊው ከጉራጌ፣ ጸሐፊው ከመንዝ፣ ልጅቷ ከጎጃም። ዘመድ የሌለው ሰው ሽማግሌ ከየት ያመጣል? ከአከራዩ፣ ከመሥሪያ ቤት አለቃው፣ ከንስሐ አባቱ፣ ከዕድሩ ዳኛ። አራዳ ዘመድን ከጎረቤት መሥራት የተማረው በዚህ ዓይነት ነው።

ይሁንና ሦስተኛው ሰው ሁልጊዜ ደግ አይደለም። ከነፃነት በኋላ በጠጅ ቤቱና በመሸታ ቤቱ ስሙ የገነነው ውቤ በረሃ ብዙ የሚወራለት ሰፈር ነው፤ የሚወራው ግን አብዛኛውን ጊዜ በወንዶቹ ትዝታ ነው። ከሴቶቹ መካከል በልጅነት ከተዳሩበት ቤት ጠፍተው የመጡ ነበሩ። እነርሱ የሸሹት ሽማግሌ የተላከበት፣ ምስክር የተቆጠረበት፣ ሥርዓቱ ያልጎደለ ጋብቻ ነው! ከመሸታ ቤት የወደዳትን ሴት ሊይዝ የቆረጠ ወንድ “አወጣት” ይባላል። ቤት ይከራይላታል፣ አልጋና ምጣድ ይገዛል። ያም ሆኖ ነገሩ ገና ነው። የግቢው ሴቶች ቡና ሲያፈሉ “እትዬ” ብለው የጠሯት ቀን፣ የእሷንም ጥሪ አክብረው የመጡ ቀን፣ ያኔ ሚስት ሆነች።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መተጫጨትን የሁለት ቤተሰብ ውል አድርጎ ጻፈው። ለአራዳ ልጅ ይህ ማለት ከአገር ቤት አጎት ይምጣ ማለት ነው። ያው ሕግ ሳይጋቡ አብረው ስለሚኖሩ ሰዎችም ተናግሯል። ወንድና ሴት ቢገናኙ፣ ደጋግመው ቢገናኙ፣ አገር ቢያውቀውም፣ ያ ብቻውን እንደ ባልና ሚስት መኖር አይባልም፤ አኗኗራቸው የባልና የሚስት መምሰል አለበት። እስከዚህ ድረስ ሕጉ የአራዳን ወግ ያወቀ ይመስላል። ወደ ንብረት ሲመጣ ግን ጨካኝ ነበር። አብሮ በመኖር ብቻ የጋራ ሀብት አይፈጠርም። ወንዱ ያሰናበታት እንደሆነ ዳኛው፣ ተገቢ ሆኖ ካገኘው፣ ከስድስት ወር የማይበልጥ ቀለብ ሊያስከፍለው ይችላል። ዐሥር ዓመት ጠላ ሸጣ ቤት ያቆመች ሴት በስድስት ወር ቀለብ ትሸኝ ነበር ማለት ነው። “የጠየቅሽው ፊርማ ወረቀት ነው፣ ፍቅራችን ይበልጣል” የሚለው የወንዶች ቋንቋ ስንት ብር እንደሚያወጣ እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

ፊርማውም ሰፈሩ ድረስ መጣ። በ1957 ዓ.ም. ከጊዮርጊስ በታች የተመረቀው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ “ማዘጋጃ ተፈራረሙ” የሚለውን አነጋገር አስለመደን፤ ሦስተኛው ሰው የክብር መዝገብ ሹም ሆነ። ከዚያ በፊት ግን የወርቅ ቤቱ ደጃፍ አለ። ቀለበት ለማሠራት ጣት መለካት አለበት፤ ጣት ለመለካት ሁለቱ በጠራራ ፀሐይ አብረው መግባት አለባቸው። አንድ ጥንድ ከፒያሳ ወርቅ ቤት ሲወጣ የታየ እንደሆነ ወሬው ከቀለበቱ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ደጃፍ ቆሞ መጠበቅ ሊስተባበል ይችላል፤ “ካሴት ልገዛ ነው” ይባላል። ወርቅ ቤት ግን ምን ይባላል?

ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊ ቀጠሮን አሳጠረ። የ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ ቀበሌን አከራይ አደረገው። ከዚያ ወዲህ “ማን ከማን ጋር ይኖራል?” የሚለው ጥያቄ የቀበሌ ቅጽ ላይ የሚሞላ ሆነ፤ ተወዶም ሆነ ሳይወደድ የቀበሌው ጸሐፊ ሦስተኛ ሰው ሆኖ ገባ። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሲያስፈራ ደግሞ ተራው የሐኪም ሆነ፤ አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት የምርመራ ውጤት ይጠይቁ ጀመር። አንዱ ሦስተኛ ሰው ግን በዚያው ሰሞን ከመሐል ወጣ። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል እስኪገባ ድረስ የቤት ስልክ የሚያነሣው አባት ወይም እናት ነበር፤ ደዋዩ ስሙን መናገር ነበረበት።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዲስ አበባ ላይ ነገሩን ለወጠው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ የተሟገተለት ሕግ ነው። መተጫጨት ከሕጉ ወጣ፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሴቷም 18 ሆነ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን ሌላ ነው፦ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው ከኖሩ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ ነው። ጠላ ሻጯ ከአርባ ዓመት በኋላ መልስ አገኘች ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ተጀምሮ ጋብቻ በማናቸውም ሥርዓት ቢፈጸም እንዲመዘገብ ሆነ።

ወረቀት የሌላቸው ጥንዶች ግን ዛሬም አሉ፤ ለእነርሱ ማስረጃው ሰው ነው። ክርክር ሲነሣ፣ ወይም ወንዱ ሞቶ ወራሾች ሲመጡ፣ “እንደ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር” የሚለው ዘመድ፣ ከዘመድም ይልቅ ጎረቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የዶሮ ማነቂያና የአካባቢው መንደሮች ሲፈርሱ ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ሰዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዱ፤ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ አልሄዱም። ስለ ፈረሱት ቤቶችና ስለ ፒያሳ ትዝታ ብዙ ተጽፏል። ስለ ተበተኑት ምስክሮች የተጻፈ ግን አላየሁም። ሃያ ዓመት ያለ ፊርማ አብራ የኖረች ሴት ዛሬ ፍርድ ቤት ብትቆም የቡና ጎረቤቷን በሦስት ታክሲ ሄዳ መፈለግ ይኖርባታል። ያችን ካጣቻት “እገሌ ከነባለቤቱ” ተብሎ የተጻፈበት የዕድር መዝገብ አለ፤ ዕድሩ ተበትኖ እንደሆነም መዝገቡን መጠየቅ የሚገባው የመጨረሻውን ጸሐፊ ነው።