ተውሪያና ሰምና ወርቅ፦ በጣና ዳርቻ የሥነ ግጥም ትምህርት ሁለት ቅርሶች

መግቢያ

ዐዲይ ኢብን ሓቲም (ረ.ዐ.) ስለ ነጭ ክርና ስለ ጥቁር ክር የሚናገረውን የሱረቱል በቀራህ 187ኛ አንቀጽ ሰሙ። ከዚያም አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ገመድ ከትራሳቸው ሥር አኑረው ሌሊቱን ሲመለከቱ አደሩ፤ አንዱ ከሌላው ግን አልለይ አላቸው። ሲነጋ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሄደው የሆነውን ነገሯቸው። ነቢዩም የተባለው የሌሊት ጨለማና የቀን ብርሃን መሆኑን አስረዷቸው። ይህ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ዘወትር በጾም ምዕራፍ ይነበባል። የቋንቋ መምህር ግን ሌላ ቁም ነገር ያገኝበታል። ዐዲይ ዐረብኛን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡ ሰው ነበሩ፤ አባታቸው ሓቲም አጥ-ጣኢም በለጋስነቱና በገጣሚነቱ የታወቀ ነው። የገጣሚ ልጅ እንኳ ዘይቤን ለመረዳት አስተማሪ አስፈልጎታል ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንኑ የማስተማር ሥራ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ካለው ታሪካዊ ቅርስ አንጻር ይመረምራል። በዚህ አካባቢ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ሙስሊም ተማሪ በቀለም ትምህርት ቤቱ ስለ ሰምና ወርቅ ይማራል፤ በመድረሳው ደግሞ ቁርኣንና ሐዲስ ይቀራል። ሁለቱ ትምህርቶች አንድ ሥር እንዳላቸው የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜም ሰምና ወርቅ የቤተ ክህነት ንብረት ብቻ መስሎ ይታየዋል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሰምና ወርቅ የአማርኛ ቋንቋ የጋራ ሀብት ነው፣ በእስልምና ዕውቀት ውስጥም የራሱ ስምና የራሱ ታሪክ አለው የሚል ነው።

ከኪታቡ ወገን

የእስልምና ሊቃውንት የዘይቤን ጥናት የጀመሩት ግጥምን ለማድነቅ ብቻ አይደለም፤ ቁርኣንን በትክክል ለመረዳትም ነው። በሦስተኛው ምዕተ ዓመተ ሂጅራ መጀመሪያ ላይ ያረፉት አቡ ዑበይዳህ «መጃዝ አል-ቁርኣን» የተባለውን ኪታብ ጻፉ። በ471 ዓ.ሂ. (በ1078 እ.ኤ.አ. ገደማ) ያረፉት ዐብዱል ቃሂር አል-ጁርጃኒ ደግሞ የበላጋን ዕውቀት መሠረት አስያዙ። ተማሪዎቻችን አነጻጻሪ ዘይቤ የሚሉት በዚያ ዕውቀት «ተሽቢህ» ነው፤ ተለዋጭ ዘይቤ የሚሉት «ኢስቲዓራ»፣ ግነት የሚሉት ደግሞ «ሙባለጋ» ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለአማርኛ የሚቀርበው «ተውሪያ» ነው። ተውሪያ ማለት ቀሪብና በዒድ፣ ይኸውም ቅርብና ሩቅ፣ ሁለት ፍቺ ያለው አንድ ቃል መናገርና ሩቁን ፍቺ ማሰብ ነው። የታወቀው ምሳሌ ከሂጅራ ጉዞ የተገኘ ነው። አቡበክር (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ሲጓዙ፣ አብሯቸው ያለው ማን እንደሆነ በመንገድ ላይ ተጠየቁ። መንገድ የሚመራቸው ሰው መሆኑን መለሱ። ጠያቂው የበረሃውን መንገድ መሰለው፤ እርሳቸው ግን ያሰቡት የመልካም ነገርን መንገድ ነበር። በዚህ መልስ ሐሰት አልተነገረም፤ ምስጢሩም አልወጣም። ይህን ታሪክ በአማርኛ የሰማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ማብራሪያ ሳይጠብቅ ሰሙ የጉዞ መንገድ፣ ወርቁ የሃይማኖት መንገድ፣ ኅብረ ቃሉም «መንገድ» መሆኑን ሊናገር ይችላል። የመድረሳው ተውሪያ የቀለም ትምህርት ቤቱን ኅብረ ቃል ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ከሐይቁ ወገን

የሰምና ወርቅ ስያሜ የመጣው ከወርቅ አንጣሪ ሥራ ነው። አንጣሪው የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በሸክላ ጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያፈስሰዋል፣ በባዶው ቦታም የቀለጠ ወርቅ ይሞላበታል። ከጣና በስተደቡብ ባለው የጎጃም ምድር ጎንጅና ዋሸራ በግዕዝ ቅኔ ትምህርታቸው ስማቸው የተጠራ ነው። በዚያ ሥርዓት ተማሪው የግዕዝን ግስ ካጠና በኋላ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያም ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ እያለ ወደ ረጃጅሞቹ ይወጣል። ቅኔውን ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦም ይታረማል። የሥርዓቱ ብርታት ተማሪው የሌላውን ቅኔ በመተንተን ሳይወሰን የራሱን እንዲሠራ ማስገደዱ ነው።

የቤተ ክህነቱ ቅኔ በግዕዝ የሚነገርና ከሥርዓተ አምልኮ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሙስሊሞች ጥበቡን ከዚያ ወሰዱ ለማለት የሁለቱ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ገበሬው በእንጉርጉሮው፣ አልቃሿ በሙሾዋ፣ ነጋዴው በገበያ ጨዋታው ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ይጠቀማል። ከጣና በስተምሥራቅ ያለችው የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ደሪጣም ሆነች በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች የሚናገሩት ይህንኑ አማርኛ ነው።

መንዙማ፦ ሁለቱ የተገናኙበት

ኪታቡና የሕዝቡ አማርኛ በግልጽ የተገናኙት በወሎ መንዙማ ነው። በ1806 ወይም በ1807 እ.ኤ.አ. ያረፉት የጀማ ንጉሡ ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ የመውሊድን በዓል በወሎ ካስፋፉት ሊቃውንት አንዱ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ሸይኽ ጦልሃ ኢብን ጀዕፈር የኖሩበት ዘመን እጅግ ከባድ ነበር። በ1878 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወዲህ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ አስገደዱ፤ ሸይኽ ጦልሃም ይህን ከተቃወሙት መሪዎች አንዱ ሆኑ። ከስማቸው ጋር የሚጠሩት የአማርኛ ግጥሞች በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዐጀሚ፣ ተጽፈው ቆይተዋል።

ዐረብኛ የማያውቀው እረኛና ገበሬ የዲኑን ምሰሶዎችና የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክ በዜማና በአዝማች ያዘ። ኪታብ ቢወሰድና መስጊድ ቢዘጋ እንኳ በቃል የተያዘ ግጥም አይወሰድም። መንዙማ የስደት ዘመን መማሪያ መጽሐፍ ሆኖ አገልግሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1926 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ መዝሙሮች አሳተመ፤ አ. ዬ. ድሬቬስም በ2007 እ.ኤ.አ. አማርኛን እንደ እስልምና ቋንቋ የሚመረምር ጥናት አወጣ። የእኛ ተማሪዎች ግን ይህን ጥበብ እንደ ራሳቸው የሥነ ጽሑፍ ታሪክ የሚያውቁት አልፎ አልፎ ነው።

በመንዙማ አቀራረብና በአንዳንድ ይዘቱ ላይ ዑለማኦች እንደሚለያዩ ይታወቃል፤ በዚያ ላይ ብይን መስጠት የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለገጣሚው ሐሳን ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.) በመስጊዳቸው ሚንበር እንዳኖሩላቸው ተዘግቧል። የሱረቱ ሹዐራእ መጨረሻም ገጣሚዎችን ሲወቅስ ያመኑትንና መልካም የሠሩትን ለይቶ ያወጣል። ስለዚህ የቋንቋውን ጥበብ ማጥናት ከይዘቱ ክርክር ተለይቶ ሊታይ ይችላል።

ለመምህሩና ለኢማሙ

ከዚህ ታሪክ ሦስት የማስተማሪያ መንገዶች ይገኛሉ። መንዙማው በማሰማት፣ በላጋው ስም በመስጠት፣ ቅኔ ቤቱ ደግሞ በማሠራት ያስተምራሉ። የዛሬው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ብቻ ይወሰናል፤ ተማሪው የዘይቤዎችን ስም ይሸመድዳል፣ ግጥም ግን በጆሮው አይሰማም፣ በእጁም አይሠራም። ለምሳሌ ያህል የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ለክፍል ውስጥ ልምምድ የሠራው ስንኝ ይህ ነው፦

ጣናን ሲያቋርጠው ሳይቀላቀል ያልፋል፤
ዓባይ ወዳጅ ጥሎ ከሀገር ይጠፋል።

ሰሙ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር የሚፈስሰው ወንዝ ነው፤ ወርቁ ወዳጁን የሚከዳው አባይ፣ ማለትም ውሸታም ነው። በጽሕፈት ሁለቱ በፊደል ይለያዩ ይሆናል፤ በጆሮ ግን አንድ ናቸው። ስለዚህ ስንኙ መነበብ ያለበት ድምፅ ተሰጥቶት ነው። ኢማሙም ከዚሁ ተነሥቶ ስለ ሙናፊቅ ምልክቶች የሚናገረውን ሐዲስ፣ በተለይም ሲናገር የሚዋሸውን ሰው፣ ሊያስተምርበት ይችላል። በዓባይ ዳር ላደገ ልጅ ደግሞ አምስቱን ሶላት በደጅ ከሚያልፍ ወንዝ በቀን አምስት ጊዜ ከመታጠብ ጋር የሚያመሳስለው ሐዲስ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባዋል።

ይህ ትምህርት ሲጎድል የሚደርሰውን ጉዳት አንድ ምሳሌ ያሳያል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሚስቶቻቸው ቀድማ የምትከተላቸው እጇ ረጅሟ እንደሆነች ሲናገሩ፣ እናቶቻችን እጃቸውን እስከመለካካት ደርሰው ነበር። በሙስሊም ዘገባ እንደተገለጸው የተባለችው ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) ነበረች፤ በእጇ እየሠራች ትመጸውት ነበርና። አሁን አንድ ተማሪ ይህን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ቢመልሰው «እጀ ረጅም» ይላል፤ በእኛ ቋንቋ ደግሞ ይህ የሌባ ስም ነው። የምእመናን እናት የተመሰገነችበት ቃል ዘይቤን ባለማወቅ ብቻ ወደ ስድብ ይለወጣል።

ስለዚህ ዘይቤን ማስተማር ለፈተና ብቻ የሚደረግ ሥራ አይደለም። የአማርኛው መምህር አንድ ክፍለ ጊዜ ለመንዙማ ቢሰጥ፣ የመድረሳው ኡስታዝም ተውሪያን ሲያስረዳ «ይህ በአማርኛ መማሪያችሁ ኅብረ ቃል የተባለው ነው» ቢል፣ ተማሪው ሁለቱን ቅርሶች በአንድ እጁ ይይዛል። የዐዲይ (ረ.ዐ.) ጥያቄ በየትውልዱ ይነሣል፤ ሁለቱን ክሮች ከትራሱ ሥር አኑሮ ለሚጠባበቅ ልጅ ንጋቱን ማሳየት የመምህሩ ድርሻ ነው።