ዕቃውና እጁ፦ የኮርስ ጽሑፍን በድረ ገጽ የማውጣት ሥልጠና በደሴና በኮምቦልቻ

ዕውቀትን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ለማሸጋገር ሁለት ነገሮች የግድ ያስፈልጋሉ። አንደኛው የሚጻፍበትና የሚባዛበት ዕቃ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዕቃው ሊጠቀም የሚችል የሠለጠነ እጅ ነው። ዕቃው በገንዘብ ይገዛል፤ በዕርዳታም ይገኛል። እጁ ግን በጊዜና በትዕግሥት ካልሆነ አይገኝም። በአሁኑ ዘመን የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ሠራተኞች የኮርስ ጽሑፎቻቸውን በኢንተርኔት አማካይነት ለተማሪ እንዲያደርሱ ለማሠልጠን የሚደረገው ጥረት ከዚሁ የቆየ ጉዳይ የሚመደብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የጥረቱን ታሪክ በአጭሩ በመቃኘት፣ በተለይም በደሴና በኮምቦልቻ የታየው ሁሉ ለእኛ ለሙያው ሰዎች ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ለማመልከት እንሞክራለን።

የወሎ ምድር ለጉዳዩ እንግዳ አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ያስተምሩ፣ መጻሕፍትንም ያስጽፉ ነበር። በስማቸው የሚታወቀው የአራቱ ወንጌላት ብራና እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው በትክክል ከታወቀ ጥንታዊ የግዕዝ መጻሕፍት መካከል ይቈጠራል። በሌላም በኩል ሼሕ ሙሐመድ ሻፊ በመሠረቱት በጀማ ንጉሥና በሌሎችም የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች፣ ደረሳው ከሼሑ እግር ሥር ተቀምጦ ኪታብ ይቀራ፣ ይገለብጥም ነበር። አማርኛን በዓረብ ፊደል የመጻፍ ልማድም ከእነዚሁ ሊቃውንት ዘንድ የወጣ ቅርስ ነው።

ከሁለቱም ወገን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብዕር ቀርጾ መጻፍን የሚማረው ደቀ መዝሙር ትምህርቱንም የሚማረው ያው ሰው ነበር። ጽሑፉን የሚያዘጋጀውና ጽሑፉን የሚያውቀው ሰው አልተለያዩም። ቀጥሎ የምናየው የዘመናችን ታሪክ በአብዛኛው የሁለቱን መለያየትና እንደገና ለመገናኘት የተደረገውን ሙከራ የሚመለከት ነው።

የኮርስ ጽሑፍን ለዓለም ሁሉ በነፃ የማውጣት ሐሳብ ጐልቶ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኮርሶቹን ጽሑፎች በኢንተርኔት እንደሚያወጣ አስታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ ወር፣ በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ የከርቲን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት ማርቲን ዱጊያማስ ሙድል የተባለውን ሶፍትዌር የመጀመሪያ እትም በነፃ አሠራጩ። ዱጊያማስ ዩኒቨርሲቲው በገንዘብ ገዝቶ ይጠቀምበት የነበረውን ሶፍትዌር ያስተዳድሩ ስለነበር፣ ጉድለቱን በቅርብ ያውቁት ነበር። በእነዚያው ዓመታት ድሩፓል፣ ወርድፕሬስና ጁምላ የተባሉት የይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮችም ተራ በተራ ብቅ አሉ።

የእነዚህ ሶፍትዌሮች ቁም ነገር ከአሠራራቸው ይታያል። ቀደም ሲል አንድ ድረ ገጽ የሚሠራው እያንዳንዱን ገጽ በኮድ በሚጽፍ አንድ ባለሙያ ነበር። የታሪክ መምህሩም ሆነ የፊዚክስ መምህሩ የአንድ ገጽ ስሕተት ለማረም እንኳ የዚያን ባለሙያ ጊዜ መለመን ነበረባቸው። የይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ግን ጽሑፉን በዳታቤዝ፣ የገጹን መልክ ደግሞ በሌላ ቦታ ለይቶ ያስቀምጣል። ለእያንዳንዱም ሰው የሥልጣን ድርሻ ይሰጣል፤ አስተዳዳሪው ሥርዓቱን ይጠብቃል፣ መምህሩ የራሱን ኮርስ ይጽፋል፣ ያርማል፣ ተማሪው ያነባል፣ መልሱንም ይልካል። በመሆኑም ለአንድ ባለሙያ ይሰጥ የነበረው ሥልጠና ለመላው የመምህራን ጉባኤ የሚያስፈልግ ሆነ። ሶፍትዌሩ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት መሆኑ ብዙዎችን ቢያስደስትም፣ ሥልጠናው የሚጠይቀው ዋጋ ግን ሳይታሰብ የቀረባቸው ተቋማት ጥቂቶች አይደሉም።

አገራችን ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያው ጊዜ ግድም በዓለም ባንክ አነሳሽነት በተቋቋመው የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች አንዱ ሆኖ ከባሕር ማዶ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ተቀበለ። ከዚያም በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» እየተባለ የሚጠራው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ስለነበር፣ በክፍል ያለው መምህር ለመግቢያና ለማጠቃለያ ከሚፈቀዱለት ጥቂት ደቂቃዎች በቀር ከተማሪዎቹ ጋር ተመልካች ሆኖ ይቆይ ነበር። መብራት የጠፋ ወይም መቀበያው የተበላሸ ዕለት ትምህርቱ አብሮ ይቋረጣል። የፕላዝማው ሥዕል ጥራት የነበረው መሆኑ አይካድም። ነገር ግን መምህሩ በትምህርቱ ላይ አንዲት ቃል መጨመርም ሆነ መቀነስ አይችልም ነበር። ዕቃው ሙሉ ሆኖ ሲመጣ፣ እጁ ባዶ ቀርቷል።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው በዚህ ዘመን ነው። መንግሥት በ1990ዎቹ መጨረሻ ካቋቋማቸው 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን፣ ዋናው ግቢ በደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ በኮምቦልቻ ይገኛሉ። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው፣ በሐረጎ እየተጠማዘዘ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ለአንድ ስብሰባ ወይም ለአንድ ሥልጠና ሲወጡና ሲወርዱ የሚያልፈው ጊዜ ቀላል አይደለም። ከደጋው ደሴ ጤናና ማኅበራዊ ሳይንስ የሚማረውም ሆነ ከወይና ደጋው ኮምቦልቻ ምሕንድስና የሚማረው ተማሪ፣ የሚያነበው ጽሑፍ የሚያገኝበት መንገድ በሌሎቹ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ካለው የተለየ አልነበረም። መምህሩ ሀንድአውቱን ለክፍል አለቃው በፍላሽ ይሰጣል፤ አለቃው ወደ ፎቶኮፒ ቤት ይወስደዋል፤ ተማሪው ገንዘብ ከፍሎ ይቀበላል። በዓመቱ መምህሩ ጽሑፉን ቢያሻሽል እንኳ በፎቶኮፒ ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው የቀድሞው ቅጂ መሸጡን ይቀጥላል።

ይህን ልማድ ወደ ድረ ገጽ ለማዛወር የሚሰጥ ሥልጠና ምን ምን እንደሚይዝ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ችግር ከፊደላችን ይጀምራል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ለብዙ ዓመታት ከዚያ በኋላ የአማርኛ ጽሑፍ የሚዘጋጀው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ነበር። በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተጻፈው ፊደል በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠው በላቲን ምልክቶች ቦታ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ሀንድአውት በቀጥታ ወደ ድረ ገጽ ሲገለበጥ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። የሕግ ወይም የአማርኛ መምህር ይህን ካየ፣ ምክንያቱን የሚያስረዳው ሰው ካላገኘ፣ ሶፍትዌሩ ለቋንቋችን አልተሠራም ብሎ ይተወዋል። በዩኒኮድ መጻፍንና የቀድሞውን ጽሑፍ መለወጥን ማስተማር እንግዲህ የሥልጠናው በር ነው።

ሁለተኛው የፋይል ክብደት ነው። በስካነር የተነሣ የመጽሐፍ ምዕራፍ እንደ ፎቶግራፍ ሆኖ ሲጫን ብዙ ሜጋባይት ይወስዳል፤ ያው ጽሑፍ በኮምፒዩተር ተለቅሞ ሲቀርብ ግን የዚያን ጥቂት እጅ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱን የሚከፍለው የሞባይል ዳታ የሚገዛው ተማሪ ነው። ሦስተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የሌላውን መጽሐፍ ገልብጦ በክፍል ማደልና በአደባባይ ማውጣት አንድ አይደሉም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም፣ መምህራን በድረ ገጽ ሲጽፉ ምን እንደሚፈቀድላቸው በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። አራተኛው መጠባበቂያ ቅጂ የመያዝ ሥራ ነው። ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ሲሆን፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ይህን ሁሉ በአንድ አዳራሽ በሁለት ቀን ስብሰባ አስተምሮ የምስክር ወረቀት ማደል ሥልጠና ሊባል እንደማይችል የታወቀ ነው። የሠለጠነው መምህር ወደ ክፍሉ ሲመለስ የይለፍ ቃሉን ይረሳል፤ የሠለጠነው የኮምፒዩተር ባለሙያም የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ሲሄድ ዕውቀቱን ይዞት ይሄዳል። በዚህም የተነሳ የአንድ ሥልጠና ውጤት መመዘን ያለበት በሁለተኛው ዓመት ነው። በሁለተኛው ዓመት የኮርሱ ገጽ ታርሞና ታድሶ ከተገኘ እጁ ሠልጥኗል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጽሑፍ እንዳለ ካለ ግን የሠለጠነ ሰው የለም ማለት ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገብቶ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ጉዳዩ በአገር ደረጃ ተፈተነ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በኢንተርኔት እንዲቀጥሉ ሲወሰን፣ ብዙ መምህራን የያዙት መሣሪያ ቴሌግራም ሆነ። ቴሌግራም ፈጣንና ቀላል በመሆኑ በዚያ ጭንቅ ጊዜ ትልቅ ውለታ ውሏል። ሆኖም ፋይሉ በመልእክት ጐርፍ ውስጥ ይሰጥማል፤ የትኛው የመጨረሻው እትም እንደሆነ አይታወቅም፤ መምህሩ ሲለወጥ ተተኪው ከባዶ ይጀምራል። ከዚያ በፊት በተረጋጋ ጊዜ መምህራኑን አሠልጥኖ የቆየ ተቋም በጭንቁ ጊዜ የሠራው ሥራ ተጠራቅሞ ሲቆይለት፣ ያላሠለጠነው ግን የዚያን ወራት ድካም በመልእክት መካከል በትኖታል።

ከዚህ የከፋው ፈተና የመጣው በ2014 ዓ.ም. ነው። በሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት ወር ማገባደጃ እስከ ኅዳር ወር መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ። የወሎ ዩኒቨርሲቲም ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመም። በጦርነቱ ከጠፋው የሰው ሕይወት ጋር ሲነጻጸር የኮምፒዩተርና የሰርቨር ነገር ማንሳት ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን መሐንዲስ የደረሰውን ጥፋት ማጥናት ግዴታው ነው። አንድ ሰርቨር ሲጠፋ ዋጋው በግዢ ይተካል። በውስጡ የነበረው የዓመታት ጽሑፍ ግን በሌላ ቦታ ቅጂ ከሌለው በየትኛውም በጀት አይተካም። የደሴው ሰርቨር ቅጂ በኮምቦልቻ፣ የኮምቦልቻው በደሴ ቢቀመጥ ለእሳትና ለብልሽት በቂ ጥበቃ ነው እንል ነበር። የ2014ቱ ጥቅምት እንዳሳየው ግን በ25 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ከተሞች በጥቂት ቀናት ውስጥ አብረው ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ ሦስተኛ ቅጂ ከአካባቢው ውጭ ሊኖር ይገባል፤ ይህንም የሚያደርግና በየጊዜው የሚያረጋግጥ በስም የታወቀ ሰው ያስፈልጋል።

በኋላም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆየ። በዚህ ጊዜ ጽሑፉን ሁሉ በሩቅ ሰርቨር ብቻ ያስቀመጠ ተቋም ተማሪውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። በግቢው ውስጣዊ ኔትወርክ የሚሠራ ሙድል ግን ወደ ውጭ የሚወስደው መስመር ቢዘጋም በቤተ መጻሕፍትና በመኝታ ክፍል አካባቢ ማገልገሉን ይቀጥላል። እንግዲህ ሁለት የሚጋጩ የሚመስሉ ፍላጎቶች ተገናኝተዋል፤ ቅጂው ሩቅ ይሁን፣ አገልግሎቱ ቅርብ ይሁን። ሁለቱንም አስታርቆ የሚይዝ ሶፍትዌር ቢኖርም፣ በእጁ ይዞ የሚያሠራው ግን ሰው ነው።

በአሁኑ ወቅት ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾን ጋር ሆኖ «ኢ-ሺ» በተባለው ፕሮግራም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን መምህራን ለኢንተርኔት ትምህርት ለማሠልጠን ተነሥቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም በኮምፒዩተር የሚካሄድ በመሆኑ፣ አራት ዓመት ሙሉ በፎቶኮፒ ያጠና ተማሪ በመጨረሻው ቀን ከማያውቀው ገበታ ፊት እንዲቀመጥ ማድረግ አይገባም። የተማሪው ዕድል በዚህ ሥልጠና ላይ ተንጠልጥሏል ብንል ማጋነን አይሆንም።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ልናሳስብ የምንወደው ጥቂት ነገር ነው። በየኮሌጁ ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ በደሴም በኮምቦልቻም፣ ሥርዓቱን እንዲጠብቁ ተለይተው ይመደቡ፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው አዲሱን እንዲያሠለጥን ይሁን። መምህሩ ኮርሱን በድረ ገጽ ለማዘጋጀት የሚያጠፋው ሰዓት እንደ ማስተማር ሰዓት ተቈጥሮ ይታሰብለት። የአሠራሩም መመሪያ በአማርኛ ተጽፎ በራሱ በሥርዓቱ ላይ ይውጣ። የእኛም ማኅበር አባላት በየምንሠራበት መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሲገዛ ወይም በዕርዳታ ሲመጣ፣ ከዋጋውና ከብቃቱ አስቀድመን «በሁለተኛው ዓመት ይህን የሚያድሰው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ለጥያቄው የሰው ስም በመልስ ካልተሰጠ፣ ግዢው ገና አልተጠናቀቀም።