መሸሸጊያ የመሰለው ገደል

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28ን ስናነብ ቁጥር 12ንና 13ን ቶሎ አልፈን ሮም ለመድረስ እንቸኩላለን። ጳውሎስ ከመላጥያ ተነሥቶ ሰራኩስ ገባ፤ ሦስት ቀን ቆይቶ ወደ ሬጊዩም ሄደ። በእነዚህ ሁለት ወደቦች መካከል፣ በሲሲሊ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከባሕሩ 200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ታኦርሚና የምትባል ከተማ አለች። እስረኛው ሐዋርያ ያለፈው በዚያ ኮረብታ ግርጌ ባለው ባሕር ነው።

ዛሬ ጎብኚ የሚጎርፍባት ውብ ስፍራ ናት፤ ከታች ሰማያዊው ባሕር፣ ከማዶ የሚጤሰው የኤትና ተራራ። ታሪኳ ግን እንደ መልኳ አይደለም።

መነሻዋ ስደት ነው። ከሥሯ በባሕሩ ዳር ናክሶስ የምትባል የግሪኮች ከተማ ነበረች። የሰራኩሱ ገዥ ዲዮናስዮስ በ403 ዓ.ዓ. አፈረሳት። በ358 ዓ.ዓ. አንድሮማኮስ የሚባል ሰው ተበትነው የቀሩትን ሰብስቦ ኮረብታው ላይ አሰፈራቸው። ከፍታው መሸሸጊያ መሰላቸው።

ኋላ ደሴቲቱን ሮማውያን ያዟት። በ135 ዓ.ዓ. ገደማ የሲሲሊ ባሮች በጌቶቻቸው ላይ ተነሡ፤ ይህችንም ከተማ ምሽጋቸው አደረጓት። የሮም ሠራዊት ከበባቸው። ታሪክ ጸሐፊው ዲዮዶሮስ እንደሚተርከው ረሃቡ ሰው ሰውን እስኪበላ ድረስ ጸና። በ132 ዓ.ዓ. ከመካከላቸው አንድ ሶርያዊ ምሽጉን አሳልፎ ሰጠ። የተያዙትም ከተሠቃዩ በኋላ ከገደል ተወረወሩ። የተጠጉበት ገደል መሞቻቸው ሆነ።

ከሮም በኋላ ቢዛንታይኖች ገዟት። በ902 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከዛሬዋ ቱኒዝያ የተነሣው አሚር ኢብራሂም ነጥቆ ሕዝቧን ፈጀ። በ962 ፋጢማውያን በከበባ ያዟትና በኸሊፋቸው በአል-ሙዒዝ ስም ጠሯት። በ1079 ደግሞ የኖርማኑ ሮጀር መጣ፤ እርሱ ክርስቲያን ነበር። ነገር ግን እርሱም ዙሪያዋን አጥሮ በረሃብ አስጨንቆ ነው ያስገበራት።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የ902ቱን መዓት፣ የ1079ኙን ድል ብለን ልንጠራ እንፈተናለን። በቅጥሩ ውስጥ ልጇን ታቅፋ ለምትጠባበቅ እናት ግን ረሃብ ያው ረሃብ ነው። የከበባት ጦር መስቀል ስላነገበ እንጀራ አይሆንላትም።

እኔም በአገልግሎት ዘመኔ ከፍታ ፈልጌ አውቃለሁ። የሕንፃው ትልቅነት፣ የምእመናኑ ቁጥር፣ በሥልጣን ላይ ያለ ወዳጅ መሸሸጊያ መስሎኝ ነበር። ሕንፃው ያረጃል፣ ሰው ይበተናል፣ ባለሥልጣንም ይሻራል። ቤተ ክርስቲያን በተራራ ላይ እንዳለች ከተማ መታየቷ ለብርሃን እንጂ ለምሽግ አይደለም።

እስቲ ያን መርከብ እንደገና እንመልከተው። በላዩ ያለው ሰው ሠራዊት የለውም፤ ይልቁንም ወታደር ይጠብቀዋል። ከበላዩ ያለችውን ከተማ ሊይዝ አልመጣም። የያዘው ወንጌል ነው። ከተማዋን በተራ የገዟት ሁሉ ዛሬ የሉም፤ በሰንሰለት ያለፈው ሰው የሰበከው ቃል ግን ዛሬም እኛን ሰብስቦናል።

የዕብራውያን ጸሐፊ በምዕራፍ 13 ቁጥር 14 ጸንታ የምትኖር ከተማ በዚህ ምድር እንደሌለን ያሳስበናል። ዛሬ የተጠጋንበት ከፍታ የትኛው ነው? ጌታ ይመርምረን፤ ወደ ራሱም ይመልሰን። አሜን።