የጂሲሲ አማራጮች መዝገብ፦ የአንድ ኮምፓይለር መመሪያ ታሪክ

ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን የፕሮግራም ጽሑፍ ማሽን ወደሚፈጽመው ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። ተጠቃሚው የሚያዘው በትእዛዝ መስመር ላይ ሲሆን፣ ከፕሮግራሙ ስም ቀጥሎ በሰረዝ የሚጀምሩ አጫጭር ቃላትን እየደረደረ ምን ዓይነት ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው፣ ኮዱ ምን ያህል እንዲፋጠን፣ የትኛው የቋንቋ ደረጃ እንዲከበር ይወስናል። እነዚህ ቃላት አማራጮች ይባላሉ። አማራጭ እንደ ቁልፍ ወይም እንደ ምናሌ በማያ ገጽ ላይ አይታይም፤ የተጻፈ መዝገብ ከሌለው መኖሩንም የሚያውቅ የለም። ጂሲሲ በተባለው ነጻ ኮምፓይለር ታሪክ ውስጥ ይህ መዝገብ ለብዙ ዘመን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ተጽፎ ኖሯል፤ ከቅጂዎቹም አንዱ ከሌላው ወደ ኋላ መቅረቱ አልቀረም። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

አማራጭን በገጽ የመመዝገብ ልማድ የመጣው ከዩኒክስ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ ያዘጋጁት የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ኖቬምበር 3 ቀን 1971 የሚል ቀን ሰፍሮበታል። በዚያ መመሪያ እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ ገጽ አለው፤ ስሙ፣ አጻጻፉ፣ የሚሠራው ሥራ፣ የታወቁ ጉድለቶቹም ጭምር በየተራ ይዘረዘራሉ። አንድ ሠሪ የገዛ ሥራውን ጉድለት በመመሪያው ውስጥ በግልጽ ማስፈሩ የሚያስመሰግን ቅንነት ነው። ገጹን የሚያወጣው ትእዛዝ ከጊዜ በኋላ «ማን» ተባለ፤ ቃሉ «መመሪያ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም አጭር መልክ ቢሆንም ለአማርኛ ጆሮ ጥያቄ ይመስላል። ይህ ዘዴ የሚመቸው ግን አንድ ትእዛዝ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ተገልጾ ለሚያልቅበት ዘመን ነበር።

ሪቻርድ ስቶልማን የግኑን ፕሮጀክት በ1983 ይፋ አደረገ፤ የኮምፓይለሩም የመጀመሪያ እትም በ1987 ወጣ። በዚያን ጊዜ ስሙ «የግኑ ሲ ኮምፓይለር» ነበር፤ በ1999 ብዙ ቋንቋዎችን ማቀፉን ለማመልከት «የግኑ ኮምፓይለሮች ስብስብ» ተብሎ አህጽሮቱ ሳይለወጥ ቀረ። ግኑ ለሰነዳ የመረጠው ቴክኢንፎ የተባለውን አጻጻፍ ነው። ከአንድ የቴክኢንፎ ምንጭ፣ በዶናልድ ክኑት ቴክ አማካይነት የሚታተም መጽሐፍም በማያ ገጽ የሚነበብ ሰነድም ይወጣል። ምዕራፍና ጠቋሚ ያለው እውነተኛ መጽሐፍ ስለሆነ፣ የግኑ የአሠራር ደንብ የማን ገጽን በሁለተኛ ደረጃ አስቀመጠው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ገጽ እንዲኖረው አይጠበቅም ተባለ።

ተጠቃሚው ግን ልማዱን አልተወም። ስለዚህ ከመጽሐፉ የአማራጮቹን ትርጉም ብቻ የቀነጨበ የማን ገጽ ለብቻው በእጅ ተዘጋጀ። ገጹ ከሙሉው ሰነድ የተወሰደ ቅንጭብ መሆኑን፣ ፈቃደኛ ሰው ካልተገኘ በቀርም እንደማይታደስ ራሱ ለአንባቢው ያስታውቅ ነበር። ማስታወቂያው እውነተኛ ነው፤ አንባቢውን ግን ከችግር አያወጣውም። አንድን አማራጭ በገጹ ላይ ያጣ ሰው አማራጩ ከነጭራሹ አለመኖሩን ወይም ገጹ ማርጀቱን ለመለየት መጽሐፉን መክፈት ነበረበት፤ መጽሐፉን ከከፈተ ደግሞ ገጹ ከመነሻውም አላስፈለገውም።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው በ2001 በወጣው በጂሲሲ 3.0 ነው። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ብልሃት ያለበት ነው። በቴክኢንፎው ምንጭ ውስጥ፣ በሚታተመው መጽሐፍ ላይ የማይታዩ የአስተያየት መስመሮች ገቡ፤ የማን ገጹ ከየት እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያበቃ የሚያመለክቱ ናቸው። በፐርል የተጻፈ አጭር ፕሮግራም በምልክቶቹ መካከል ያለውን ብቻ እየለቀመ ገጹን ያወጣል። ከዚያ ወዲህ የአማራጮቹ ምዕራፍና የማን ገጹ ሊለያዩ አልቻሉም። የተገኘው ገጽ በርዝመቱ መጽሐፍ ነው፤ ምንጩ ዛሬ ከ30,000 መስመር በላይ ሆኗል፤ ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ቢሆንም ረጅምና ትክክለኛ የሆነው ገጽ ከአጭሩና ካረጀው በእጅጉ ይሻላል።

ሦስት ዓመት ሳይቆይ ግን መዝገቡ በሌላ በኩል እንደገና ተከፈለ። በ2004 በወጣው በጂሲሲ 3.4 አማራጮቹ ራሳቸው በልዩ ፋይሎች ውስጥ ይዘረዘሩ ጀመር። ለእያንዳንዱ አማራጭ በመጀመሪያው መስመር ስሙ፣ በሁለተኛው ለየትኞቹ ቋንቋዎች እንደሚያገለግልና ሌላው ጠባዩ፣ ቀጥሎም አጭር ማብራሪያ ይሰፍራል። ከእነዚህ ፋይሎች ኮምፓይለሩ ትእዛዙን የሚያነብበት ኮድ በቀጥታ ይወጣል፤ ተጠቃሚው «ሄልፕ» ብሎ ሲጠይቅ የሚያየው ዝርዝርም ከዚያው ይመጣል። ለኮዱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሰፊው ማብራሪያ ግን በቴክኢንፎው መጽሐፍ እንዳለ ስለቀረ፣ አዲስ አማራጭ የሚጨምር ሰው በአማራጮቹ ፋይል፣ በመጽሐፉ መግቢያ ባለው አጭር ዝርዝርና በዋናው አንቀጽ፣ በድምሩ በሦስት ቦታ መጻፍ አለበት። በኋላ ማብራሪያ የሌላቸውን አማራጮች ብቻ ለይቶ የሚያወጣ የ«ሄልፕ» ዓይነት ተጨመረ፤ ኮምፓይለሩ የራሱን መዝገብ ክፍተት ራሱ እንዲቆጥር መደረጉ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ለአዲስ አንባቢ የማይገለጥ አንድ ደንብ አለ። ብዙ አማራጮች ጥንድ ናቸው፤ አንዱ አንድን ጠባይ ያበራል፣ «ኖ» የሚል ቃል የተጨመረበት ሌላው ያጠፋዋል። መመሪያው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይመዘግባል፤ እሱም ነባሪ ያልሆነው ነው። በመሆኑም የአንቀጹ ርዕስ ብቻውን፣ ምንም ሳይታዘዝ ኮምፓይለሩ ምን እንደሚያደርግ ለአዋቂ ይናገራል፤ ደንቡን ለማያውቅ ግን ዝም ይላል። ስሞቹም ቢሆኑ ሁልጊዜ የሚታመኑ አይደሉም። «ኦል» ማለት ሁሉ ማለት ሆኖ ሳለ፣ «ደብሊው ኦል» የተባለው አማራጭ ሁሉንም ማስጠንቀቂያ አያበራም። ተጨማሪ ማስጠንቀቂያዎችን የሚያበራው ሌላ አማራጭ ነው፤ እሱም ቀድሞ «ደብሊው» የሚል አንድ ፊደል ብቻ ነበር፤ በኋላ «ደብሊው ኤክስትራ» ተባለ። አሮጌው ስም አልተሻረም፤ ለዓመታት የተጻፉ የግንባታ ፋይሎች በእሱ ላይ ተመሥርተዋልና ስምን ማረም የሌላውን ሰው ሥራ ማፍረስ ይሆን ነበር።

ታዲያ መጽሐፉንና የአማራጮቹን ፋይል አንድ ማድረግ ለምን አልተቻለም? ከምህንድስናው ይልቅ የከበደው የፈቃድ ጉዳይ ነው። የኮምፓይለሩ ኮድ በግኑ አጠቃላይ የሕዝብ ፈቃድ፣ መመሪያው ደግሞ በግኑ ነጻ የሰነድ ፈቃድ ይተዳደራል፤ ሁለቱ ስለማይጣጣሙ፣ የቅጂ መብቱ ባለቤት ካልፈቀደ በስተቀር አንቀጽን ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ አይቻልም። የመመሪያው ፈቃድ ከዚህም በላይ ነጻ ሶፍትዌር በገንዘብ እንዲደገፍ የሚመክረውን ክፍል ማንም እንዳይለውጠው ይከለክላል። የዴቢያን አባላት በ2006 በሰጡት ድምፅ እንዲህ ያለ የማይለወጥ ክፍል ያለው ሰነድ ነጻ አይደለም ብለው ወሰኑ። በውሳኔው መሠረት የጂሲሲ መመሪያ «ነጻ ያልሆነ» በተባለው ማከማቻ ተቀመጠ፤ የማን ገጹም አብሮት ሄደ። ኮምፓይለሩን ከዋናው ማከማቻ የጫነ ሰው መሣሪያውን ያገኛል፤ መጽሐፉን ግን ለብቻው ካልፈለገ አያገኝም። ሁለቱም ወገኖች ስለ ነጻነት ሲከራከሩ ዋጋውን የከፈለው፣ ኢንተርኔት በማይደርስበት ቦታ ከዲስኩ ላይ ማንበብ ብቻ የሚችለው ተማሪ ነው።

መዝገቡ የማይናገረው ነገር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለግዕዝ ፊደል ተጠቃሚ የሚያሳየው አንድ አማራጭ ነው፤ በመለያ ስሞች ውስጥ ከላቲን ውጭ ያሉ ፊደላትን የሚፈቅደው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የጸደቀው ሲ99 የተባለው የቋንቋ ደረጃ ግን ለመለያ ስም የፈቀዳቸውን ፊደላት ሲዘረዝር አርመንኛን፣ ጆርጂያንኛን፣ ቲቤትኛን ሲያስገባ የግዕዝን ፊደል አላካተተም። ሲ11 ሰፊ ክልሎችን በመፍቀዱ ፊደሉ ገባ። በ2015 በወጣው በጂሲሲ 5 አማራጩ ለሲ በነባሪነት በራ፤ ፊደሎቹ ግን በኮድ ቁጥራቸው ብቻ ይጻፉ ነበርና «ሰ»ን ለማስገባት 1230 የሚለውን ቁጥር ከምልክቱ ጋር መጻፍ ግድ ነበር። «ድምር» ብሎ በቀጥታ መጻፍ የተቻለው በ2020 በወጣው በጂሲሲ 10 ነው።

የአማራጩ አንቀጽ ጥቂት መስመር ብቻ ሲሆን የትኛውንም ፊደል በስም አይጠራም። ኮምፓይለሩ በልማዱ በደረጃዎቹ ሁሉ የተፈቀዱትን ፊደላት በአንድነት ይቀበላል፤ «ፔዳንቲክ» የተባለው አማራጭ ከታከለ ግን በተመረጠው ደረጃ የተዘረዘሩትን ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ «ድምር» የሚለው ስም በሲ99 ብቻ ሲያልፍ፣ በሲ99 እና በ«ፔዳንቲክ» አብሮ ይወድቃል። ይህ ደንብ በግልጽ የተጻፈው በኮምፓይለሩ ምንጭ ኮድ ውስጥ፣ ፕሮግራም አድራጊዎች እርስ በርስ በሚተውት የአስተያየት መስመር ላይ ነው።