ሠላሳ ዶላርና ዘጠኝ ተኩል ሳንቲም

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1999 የዋሽንግተን ስቴት መራጮች (ዋና ከተማዋን ሳይሆን ሲያትል የምትገኝበትን ግዛት ማለቴ ነው) «ኢኒሺየቲቭ 695» የተባለውን የሕግ ሐሳብ አጸደቁ። ከምክር ቤት ሳይሆን ከመራጮች ፊርማ የመነጨው ይህ ሐሳብ፣ በመኪና ዋጋ ላይ ተሰልቶ በየዓመቱ ይከፈል የነበረውን ግብር አስቀርቶ በሠላሳ ዶላር የሚተካ ነበር። በ2000 ፍርድ ቤት ሻረው። የሕዝቡን ቁጣ የፈሩት ምክር ቤቱና አገረ ገዥው ጌሪ ሎክ ግን በዚያው ዓመት ሠላሳ ዶላሩን ራሳቸው ሕግ አደረጉት።

ሸክሙ ወደ ቤንዚን ዞረ። የነዳጁ ግብር ከ1991 ጀምሮ በጋሎን 23 ሳንቲም ላይ ቆሞ ነበር። ይህ ግብር የሚሰላው በዋጋ ሳይሆን በጋሎን ስለሆነ፣ አስፋልትና የሠራተኛ ደመወዝ ሲወደዱ እሱ ካለበት አይነቃነቅም ነበር፤ ነዳጅ ቆጣቢ መኪና በበዛ ቁጥር ደግሞ ጭራሽ ይመነምናል። በ2002 ምክር ቤቱ ዘጠኝ ሳንቲም ልጨምር ብሎ ሕዝቡን ቢጠይቅ ከመቶ ስድሳ የሚበልጠው መራጭ እንቢ አለው። በ2003 ሳይጠይቅ አምስት፣ በ2005 ደግሞ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የሚገባ ዘጠኝ ተኩል ሳንቲም ጨመረ።

ተቃዋሚዎች ጭማሪውን ለማስሻር «ኢኒሺየቲቭ 912»ን ይዘው ፊርማ አሰባሰቡ። በዚያው ሰሞን ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የቤንዚኑን ዋጋ ወደ ሦስት ዶላር ሰቀለው። በታክሲ ሥራ በሚተዳደረው ወገናችን ምሬት የሚፈርድ አልነበረም። እኔም ጭማሪው አበቃለት ብዬ ነበር፤ ተሳሳትኩ። መራጩ መሻሩን ውድቅ አደረገው። በፌብሩዋሪ 2001 የመሬት መንቀጥቀጥ ያናጋውን፣ በሲያትል የባሕር ዳርቻ የተዘረጋውን ባለ ሁለት ደርብ መንገድ በየቀኑ ሲነዳበት ኖሯልና።

ድሉ ግን ዋጋ ነበረው። ምክር ቤቱ የመራጩን አመኔታ ለማግኘት አዲሱን ሳንቲም አስቀድሞ ስማቸው በተዘረዘረ ፕሮጀክቶች ላይ አሰረው፤ በስሙም ቦንድ ሸጠ። ድልድይ ስም አለው፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ለአስፋልት ስንጥቅ ማን ሪባን ይቆርጣል? ጥገናው የተጣለው በዚያው ባረጀው 23 ሳንቲም ላይ ነው። በእኔ አስተያየት የመንገዶቹ ጉዳት ከሠላሳ ዶላሩ ይልቅ ከዚህ ስምምነት ይመነጫል። አገራችን በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድን ስታቋቁም ከነዳጅ የሚቆረጠውን ገንዘብ ለጥገና መመደቧ፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ፣ ከዚህ የተሻለ አሳብ ነበር።

የተናጋው መንገድ በጃንዋሪ 2019 ተዘጋ፤ በወሩ ምትኩ የሆነው ዋሻ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር መራጩ ሠላሳ ዶላሩን በ«ኢኒሺየቲቭ 976» እንደገና አጸደቀ፤ በኦክቶበር 2020 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደገና ሻረው። በጁላይ 2025 የነዳጁ ግብር ስድስት ሳንቲም ተጨምሮበት 55.4 ሳንቲም ገባ፤ ይህን ጊዜ ሕዝቡን የጠየቀ አልነበረም።